ነፋስ በለዘበ ጊዜ መንደርደሪያን ስለ መምረጥ



ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ የምናገርበት ጉዳይ፥ ላይ ላዩን ለሚመለከተው ሰው፥ ጉባኤ ተሰብስቦ ሊያዳምጠው የማይገባ ጠባብ ነገር ይመስላል፤ ይኸውም በምስለ በረራ መረብ ላይ በገዛ ፈቃዱ የተቆጣጣሪነትን መንበር የያዘ ሰው፥ በሚጠብቀው አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ነፋሱ ከመድከሙ የተነሣ ወደዚህም ወደዚያም አጥብቆ የማይገፋ በሆነ ጊዜ፥ ከመንደርደሪያው ሁለት ጫፎች የትኛውን ለመነሻና ለማረፊያ ይምረጥ የሚለው ጥያቄ ነው። ነፋስ በበረታ ቀን ይህ ጥያቄ ከቶ አይነሣም፤ የሚመርጠው ነፋሱ ራሱ ነውና፥ ተቆጣጣሪው የነፋሱን ትእዛዝ አንብቦ ለአብራሪዎች ከማሰማት በቀር ሌላ ፈንታ የለውም። ነፋስ በለዘበ ቀን ግን ያ አዛዥ ዝም ይላል፥ በእርሱ ግርማ ተሸፍነው የነበሩ ሌሎች ምክንያቶች ሁሉ፥ የመንደርደሪያው ርዝመት፥ የጎረቤት ማረፊያዎች ስምምነት፥ በዙሪያው የሚኖረው ሕዝብ ዕረፍት፥ የሰዓቱ ጠባይ፥ የአብራሪዎቹ ችሎታ፥ እያንዳንዳቸው ድምፃቸውን ያሰማሉ፤ እነዚህንም መዝኖ መፍረድ የሰው ልቡና ሥራ ይሆናል። ስለዚህ እኔ የአንድን ተቆጣጣሪ ማስተዋል እንድመረምር ብታዘዝ፥ በማዕበል ቀን ከመምጣት ይልቅ ነፋሱ 3 ኖት በሆነበት ጸጥተኛ ምሽት ከአጠገቡ ብቀመጥ እመርጣለሁ።

ከመካከላችሁ ይህን ሥራ በስም እንጂ በግብር የማያውቀው እንግዳ ቢኖር፥ ነገሩን በአጭሩ ልግለጽለት። በየአገሩ ተበትነው የሚኖሩ፥ የበረራ ፍቅር ያደረባቸው ሰዎች፥ በየቤታቸው ባለው ኮምፒዩተር የምስለ በረራ መርሐ ግብር ከፍተው በኢንተርኔት አማካይነት በአንድ ሰማይ ሥር ይገናኛሉ፤ የሚበዙት አብራሪዎች፥ ጥቂቶቹ ተቆጣጣሪዎች ይሆናሉ፤ ደመወዝ የሚቀበል አንድም የለም። ከእነዚህ ማኅበሮች መካከል ስማቸው እጅግ የታወቀው በ1998 የተመሠረተው አይቫዎና በ2001 የተመሠረተው ቫትሲም ናቸው፤ በዚህ ዲስኩር የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውንም እግረ መንገዴን አስታውቃለሁ። አውሮፕላኖቹ ምስል ናቸው፤ ነፋሱ ግን ከእውነተኛው ማረፊያ ተለክቶ፥ ሜታር በተባለው አጭር መግለጫ ለዓለም ሁሉ የተነገረው ነው። ተቆጣጣሪው ሥልጣኑን የሚያገኘው ተምሮና ተፈትኖ ሲሆን፥ ከፍ ያለውን መንበር የያዘ ሰው በበታቹ ያሉት መንበሮች ባዶ ቢሆኑ የእነዚያንም ሥራ ደርቦ መሥራት ስለሚገባው፥ በእውነተኛው ዓለም ብዙ ሰዎች የሚከፋፈሉትን አገልግሎት አንድ ሰው ብቻውን፥ ከቀን ሥራው ተመልሶ ራቱን ከበላ በኋላ፥ ሲያካሂደው ይገኛል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ የነገሬ ሥር ያለው ከዚህ ላይ ነውና።

አውሮፕላን ፊቱን ወደ ነፋስ መልሶ መነሣቱና ማረፉ ከመጀመሪያው ቀን የመጣ ሥርዓት ነው። ራይት የተባሉት ወንድማማቾች በ1903 በሰሜን ካሮላይና ጠረፍ፥ በአሸዋው ላይ የመጀመሪያውን በረራ ባደረጉ ጊዜ፥ ነፋሱ በሰዓት ከ20 ማይል በላይ በሆነ ፍጥነት ከፊታቸው ይነፍስ ስለ ነበር፥ አውሮፕላኒቱ በ12 ሴኮንድ የሄደችው 120 ጫማ ብቻ ነበር፤ ከምድር አንጻር ሲታይ ፍጥነቷ ሰው ሮጦ የሚደርስበት ነበር ማለት ነው። ክንፍ የሚያውቀው በላዩ የሚያልፈውን አየር እንጂ ከሥሩ ያለውን ምድር አይደለምና፥ ነፋሱ ከፊት ሲመጣ አውሮፕላኑ ገና ሳይንቀሳቀስ ከሚያስፈልገው ፍጥነት ከፊሉን በነጻ ይቀበላል፤ ከጀርባ ሲመጣ ግን ያንኑ ያህል ዕዳ ይከፍላል።

የዕዳው መጠን ምን ያህል እንደ ሆነ ማወቅ፥ ለሚመርጠው ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ዕውቀት ነው። በአየር ውስጥ በ140 ኖት፥ ማለት በሰዓት በ140 የባሕር ማይል ፍጥነት፥ ለማረፍ የሚወርድ አንድ የመንገደኛ ጀት እናስብ፤ 5 ኖት የፊት ነፋስ ቢኖረው ምድሩን የሚነካው በ135፥ 5 ኖት የጀርባ ነፋስ ቢኖረው ደግሞ በ145 ኖት ነው፤ ፍሬኑ ሊያጠፋው የሚገባው ኀይል በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ የሚያድግ ስለ ሆነ፥ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 15 በመቶ ያህል ይደርሳል። ወደ 3,900 ሜትር በሚጠጋው በሎንዶኑ ሂትሮ ሰሜናዊ መንደርደሪያ ላይ ይህ ልዩነት አንዱን መውጫ አልፎ በሚቀጥለው ከመውጣት የበለጠ ነገር አያመጣም፤ በዚያው ከተማ በስተ ምሥራቅ ባለው፥ ርዝመቱ 1,508 ሜትር ብቻ በሆነውና የመውረጃው ማዕዘን በሌላው ስፍራ እንደ ተለመደው 3 ዲግሪ ሳይሆን 5 ዲግሪ ተኩል በሆነው በሎንዶን ሲቲ ግን፥ ያው 5 ኖት አብራሪውን በብርቱ የሚያሳስበው ነገር ነው። ተማሪዎች ሁሉ የሚወዷት ትንሿ ሴስና 172 በመመሪያ መጽሐፏ፥ የጀርባ ነፋስ እስከ 10 ኖት ድረስ በየ2 ኖቱ በርቀቱ ላይ 10 በመቶ እንዲጨመር ስታዝዝ፥ ለፊት ነፋስ ግን ያንኑ 10 በመቶ የምትቀንሰው በየ9 ኖቱ ነው፤ ነፋስ ሲሰጥ በስስት፥ ሲወስድ በንጥቂያ መሆኑን ከዚህ የሚገልጽ ሌላ ምስክር አላየሁም።

ከፍታም ዕዳውን ያከብደዋል። የአዲስ አበባው ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብሎ የተቀመጠ ስለ ሆነ፥ አየሩ ስስ ነው፤ ፀሓይ በሞቀበት ቀን በመሣሪያው ላይ 140 ኖት የሚያነበው አብራሪ በእውነቱ በአየር ውስጥ 160 ኖት ያህል እየሮጠ ነው፤ የጀርባ ነፋሱም የሚጨመረው በዚህ ላይ ነው። ሁለቱ ትይዩ መንደርደሪያዎች 3,800 እና 3,700 ሜትር ተደርገው መሠራታቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሆኖም ለረጅም ጉዞ ነዳጅ ሞልቶ ሊነሣ የተዘጋጀ አብራሪ በዚያ ስፍራ ሆኖ ለ4 ኖት የጀርባ ነፋስ ፊቱን ቢያጨልም፥ በባሕር ዳርቻ ማረፊያ የለመደ ተቆጣጣሪ ይህን እንደ ቅምጥልነት ሊቈጥርበት አይገባም።

በዚህ ነገር ላይ የበላዮቹ ቀኖና ምን እንደሚል እንመልከት። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፥ በልማድ ኢካኦ የምንለው፥ አውሮፕላን በተለመደው ሥርዓት ወደ ነፋስ ፊት እንዲነሣና እንዲያርፍ ከደነገገ በኋላ፥ ደኅንነት፥ የመንደርደሪያዎቹ አቀማመጥ፥ የአየሩ ሁኔታ፥ ያሉት የመሣሪያ አቀራረቦች ወይም የትራፊኩ ብዛት ሌላውን አቅጣጫ የተሻለ ካደረጉት በቀር ሲል በሩን ገርበብ አድርጎ ይተወዋል፤ የሕዝብን ጆሮ ለማሳረፍ ተብሎ ብቻ መንደርደሪያ መመረጥ የማይገባው መቼ እንደ ሆነ ሲወስን ደግሞ፥ የጎን ነፋሱ በድንገት ከሚመጣው ግፊት ጋር ከ15 ኖት፥ የጀርባ ነፋሱም ከ5 ኖት ሲያልፍ ነው ይላል። የአሜሪካው ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር በበኩሉ፥ ነፋሱ 5 ኖትና ከዚያ በላይ ሲሆን ከእርሱ ጋር እጅግ የሚስማማውን፥ ከ5 በታች ሲሆን ግን ለጸጥታ ነፋስ ተብሎ አስቀድሞ የተለየውን መንደርደሪያ ተጠቀሙ፥ ሌላው ለሥራው የሚበጅ ወይም አብራሪው የጠየቀው ካልሆነ በቀር፥ ሲል ተቆጣጣሪዎቹን ያዝዛል። አንዱ የጀርባ ነፋስን ወሰን፥ ሌላው የነፋስን ሁለንተና እየለኩ፥ ሁለቱም በ5 ኖት ላይ መገናኘታቸው በአጋጣሚ አይመስለኝም፤ ከዚያ በታች ያለው ነፋስ ለትልቅ አውሮፕላን በረጅም መንደርደሪያ ላይ ምክር እንጂ ትእዛዝ አለመሆኑን ሁለቱም ዐውቀውታል። የብዙዎቹ የመንገደኛ ጀቶች የጀርባ ነፋስ ወሰን 10 ኖት መሆኑን ስናስብ ደግሞ፥ ሕጉ ለጥንቃቄ የተወው ስፍራ ሰፊ መሆኑን እናያለን።

የጀርባ ነፋሱ ስንት እንደ ሆነ ስለሚገኝበት ስሌት ጥቂት ብዬ ልለፍ። መንደርደሪያ ስሙን የሚያገኘው ከማግኔታዊው አቅጣጫው ነው፤ 270 ዲግሪ ወደ ምዕራብ የሚመለከተው 27 ይባላል፥ ሌላው ጫፉ 09 ይሆናል። ሜታር ግን አቅጣጫን የሚናገረው ከእውነተኛው ሰሜን ተነሥቶ ነው፤ ማማው ላይ ያለው ሰው ለአብራሪ ሲናገር በማግኔት ይናገራል። በሎንዶን ልዩነቱ ጥቂት ነው፤ በኒው ዮርክ ግን 13 ዲግሪ ያህል ስለሚደርስ፥ ሜታሩን እንዳለ ለአብራሪው የሚያነብ ተቆጣጣሪ ነፋሱን ከስፍራው ያነሣዋል። እንግዲህ ሂትሮ 27ን እየተጠቀመ ሳለ ነፋሱ ከ040 ዲግሪ በ6 ኖት ቢመጣ፥ ልምድ የሌለው ሰው ስድስቱን ዐይቶ ወሰኑ ታለፈ ብሎ ይደነግጣል፤ ማዕዘኑን የሚመረምር ሰው ግን ከ6ቱ ውስጥ ከጀርባ የሚገፋው 4 ያህሉ ብቻ መሆኑን ያገኛል፥ ወደ 5 የሚጠጋው ከጎን ነው፤ መንደርደሪያውንም ከቦታው አያንቀሳቅሰውም።

ሂትሮን በምሳሌነት ደጋግሜ ማንሣቴ፥ የለዘበ ነፋስ ፍርድ በግልጽ ተጽፎ የሚገኝበት ስፍራ በመሆኑ ነው። ሁለቱ ትይዩ መንደርደሪያዎች ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ተዘርግተዋል፤ በስተ ምሥራቅ ያለው ሕዝብ የበዛበት ከተማው ሎንዶን ነው። የጥንቶቹ ጀቶች ሲነሡ የሚያሰሙት ነጎድጓድ ከሚያርፉት እጅግ የከፋ ስለ ነበር፥ ተነሺዎቹ በከተማው ራስ ላይ እንዳያልፉ ተብሎ በ1960ዎቹ የምዕራብ ቅድሚያ የተባለ ሥርዓት ተደነገገ፤ ይኸውም መንደርደሪያዎቹ ደረቅ ከሆኑና የጎን ነፋሱ ከ12 ኖት ካላለፈ፥ የጀርባ ነፋስ እስከ 5 ኖት ድረስ እየታገሡም ቢሆን ወደ ምዕራብ መነሣትንና ማረፍን መቀጠል ነው። ወደ ምዕራብ በሚሠራበት ቀን ከሁለቱ አንዱ ለማረፊያ፥ ሌላው ለመነሻ ሆኖ፥ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ይለዋወጣሉ፤ ከማረፊያው ሥር የሚኖረው ሰው ከቀኑ እኩሌታውን ጸጥታ እንዲያገኝ ነው። ወደ ምሥራቅ ሲዞር ግን ይህ ፍትሕ ይቀራል፤ በሰሜናዊው መንደርደሪያ ጫፍ ላለችው ለክራንፎርድ መንደር በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተገባላት ቃል፥ ከዚያ ወደ ምሥራቅ እንዳይነሣ ይከለክል ነበርና፤ ቃሉ በ2009 ቢሻርም፥ ማኮብኮቢያ መንገዶቹ በእርሱ ልክ ተሠርተው ስለ ኖሩ ልማዱ ከሕጉ በኋላ ኖሯል።

የምስለ በረራው ተቆጣጣሪ ከዚህ የሚወርሰው ምንድር ነው? በምስሉ ሎንዶን የሚተኛ ሕፃን፥ የሚጸልይ ሽማግሌ የለም፤ ስለዚህ ድምፅን ስለ መቀነስ የተደነገገውን ሁሉ እንደ ከንቱ የሚቈጥሩ ወንድሞች አሉ። እኔ ግን ከእነርሱ ጋር አልስማማም፤ ምክንያቱም ቅድሚያው የተሰጠው ለጆሮ ቢሆንም፥ በእርሱ ላይ የተሠራው ሕንጻ የበረራው ሥርዓት ሁሉ ነው። የመነሻና የመድረሻ መንገዶቹ፥ በአካባቢው ካሉት ከጋትዊክ፥ ከስታንስቴድ፥ ከሉተንና ከሲቲ ጋር ያለው ስምምነት፥ ሁሉ የሚቃናው ማረፊያዎቹ በተቻለ መጠን አንድ አቅጣጫን በጋራ ሲይዙ ነው። አንዱ በ3 ኖት ተታሎ ወደ ምሥራቅ ቢዞር፥ ሌሎቹ ወደ ምዕራብ ቢቀሩ፥ የሚወጣው ከሚወርደው ጋር በአንድ በር ይጋፋል፤ ያንንም ሁሉ ለይቶ የሚያሳልፈው የአቀራረብ ተቆጣጣሪ በዚያ ምሽት አንድ ሰው ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በለዘበ ነፋስ መንደርደሪያ የሚመርጥ ሰው ከገዛ ሜታሩ በፊት የጎረቤቱን ምርጫ ይጠይቅ እላለሁ።

ሌሎቹም ማረፊያዎች በየጠባያቸው ይህንኑ ይመሰክራሉ። የአምስተርዳሙ ስኪፖል ስድስት መንደርደሪያዎች ስላሉት፥ የጀርባ ነፋስ 7 ኖት፥ የጎን ነፋስ 20 ኖት እስኪደርስ ድረስ በተጻፈ የቅድሚያ ተራ ይመርጣል፤ በ2003 የተከፈተውና እጅግ የራቀው ፖልደርባን ለከተሞቹ ዕረፍት ሲሰጥ ለአብራሪው ረጅም ማኮብኮብ ይሰጠዋል። በፍራንክፉርት 18 የሚባለው መንደርደሪያ ከ1984 ጀምሮ ወደ ደቡብ ለመነሣት ብቻ የሚያገለግል ነው፥ በሰሜን በኩል ማንም አያርፍበትም፥ ወደ ሰሜንም ማንም አይነሣበትም። በኔፓሉ ሉክላ 527 ሜትር ብቻ የሆነው መንደርደሪያ ወደ ተራራው 12 በመቶ ያህል ሽቅብ ስለሚወጣ፥ ነፋሱ ያሻውን ቢናገር ሽቅብ ይታረፋል፥ ቁልቁል ይነሣል። በሎስ አንጀለስ ደግሞ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ድረስ፥ ነፋሱ ከፈቀደ፥ ተነሺዎቹ ወደ ውቅያኖሱ ይነሣሉ፥ አራፊዎቹም ከዚያው ከውቅያኖሱ በኩል ይመጣሉ፤ ሁለቱ ፊት ለፊት ይተያያሉ ማለት ነው። ይህን የመጨረሻውን ለመምሰል የሚመኙ ብዙ ወጣት ተቆጣጣሪዎች አይቻለሁ፥ ምኞታቸውም አይፈረድበትም፤ ነገር ግን ያ ሥርዓት ትራፊኩ በሳሳበት ሌሊት፥ ለዚሁ በሠለጠኑ ሰዎች የሚካሄድ ስለ ሆነ፥ አንድ ሰው ሦስት መንበር ደርቦ በያዘበት ምሽት ሊሞከር አይገባም።

የለዘበ ነፋስ ቸር ብቻ አይደለም፤ የራሱ ተንኮልም አለው። ትልቅ አውሮፕላን ከክንፎቹ ጫፍ የሚተወው አዙሪት ወደ ምድር ሲጠጋ በግራና በቀኝ ከ2 እስከ 3 ኖት በሚሆን ፍጥነት ይለያያል፤ ብርቱ ነፋስ ቢኖር ጠርጎ ይወስደዋል፥ ልክ በዚያው መጠን የሆነ ቀስ ያለ የጎን ነፋስ ግን አንደኛውን አዙሪት ከመንደርደሪያው በላይ ይዞ ያቆመዋል። ከኋላና ከጎን አስተባብሮ የሚመጣ ለስላሳ ነፋስ ደግሞ የቀደመውን አውሮፕላን አዙሪት ወደ ፊት ገፍቶ ተከታዩ በሚያርፍበት ስፍራ ላይ ስለሚያደርሰው፥ የአሜሪካ አብራሪዎች መመሪያ ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚሻው ይህ ነው ይላል። በመረቡ ላይ ከሌላ ሰው አውሮፕላን የሚመጣ አዙሪት አብዛኛውን ጊዜ አይሰማም፤ ቢሆንም ከከባዱ ኋላ ለቀላሉ የሚሰጠውን ርቀት የሚያሳጥር ተቆጣጣሪ የሚጫወተው ሌላ ጨዋታ ነው። ጉምም የለዘበ ነፋስ ባልንጀራ ነው፤ ሰማዩ ጠርቶ፥ ነፋሱ ጸጥ ብሎ ምድር ሙቀቷን በምታወጣበት ሌሊት ወደ ንጋት ይወርዳል። ያን ጊዜ ከሁለቱ ጫፎች አውሮፕላኑን ወደ መንደርደሪያው የሚመራ የተሻለ የአይ ኤል ኤስ መሣሪያ ያለውን መምረጥ እንጂ የ2 ኖትን አቅጣጫ መመርመር ትርጕም የለውም።

ለመምረጥ የተቀመጠ ሰው አሁን ያለውን ነፋስ ብቻ ሳይሆን የሚመጣውንም ይይ። ፀሓይ ምድርን ስታሞቅ ከባሕር ወደ ምድር የሚነፍሰው ነፋስ ከቀትር በኋላ ይነሣል፤ ሌሊት ደግሞ ምድር ትቀዘቅዝና ቀስ ብሎ ይመለሳል፤ የሎስ አንጀለስ ማለዳና ከሰዓት በኋላ በዚህ ይለያያሉ። እንግዲህ ከቀትር በፊት 2 ኖት ከምሥራቅ ቢታይ፥ ታፍ የተባለውም የትንበያ መግለጫ ከሰዓት በኋላ 12 ኖት ከምዕራብ ይመጣል ቢል፥ አስተዋይ ተቆጣጣሪ ከጠዋቱ ወደ ምዕራብ ይከፍታል፤ ነፋሱ ሲመጣ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ያገኘዋል። ብዙ እንግዶች በሚጠበቁበት የበዓል ምሽት፥ ለምሳሌ አትላንቲክን ለማቋረጥ በየጸደዩና በየመጸዉ በሚደረገው ክሮስ ዘ ፖንድ በተባለው ታላቅ ጉባኤ ቀን፥ ይህን ማድረግ ከጥበብ አልፎ ግዴታ ነው።

በመሐል መለወጥ ምን እንደሚያስከፍል በማማው ወንበር የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል። ወደ አንዱ ጫፍ እያኮበኮበ የደረሰው ይመለሳል፤ የመነሻ ፈቃዱን የተቀበለ ሁሉ ሌላ መንገድ ይሰጠዋል፥ በብዙ ማረፊያዎች የመነሻው መንገድ ከመንደርደሪያው ጋር የታሰረ ነውና፤ በአየር ላይ ያለው መንገዱን ከበረራ ኮምፒዩተሩ አውጥቶ ሌላ ያስገባል፤ ከአብራሪዎቹም መካከል ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ፥ በድምፅ ሳይሆን በጽሑፍ ብቻ የሚነጋገር፥ ካርታውን ገና የሚፈልግ ይኖራል። በቅኔ ማኅሌት መሪጌታው ዜማውን በግዕዝ ከመራ በኋላ፥ ሊቃውንቱ በመቋሚያና በጸናጽል ተቀብለው በመካከል ሳሉ፥ ዕዝል ይሻላል ብሎ ቢመልሳቸው፥ የዕዝሉ ማማር የተሰበረውን ቅብብል አይክሰውም። ነፋሱ ከ2 ኖት ምዕራብ ወደ 3 ኖት ምሥራቅ ስለ ዞረ መንደርደሪያውን የሚገለብጥ፥ ከግማሽ ሰዓት በኋላም መልሶ የሚገለብጥ ተቆጣጣሪ ስሕተቱ ይህ ነው። መለወጥ ግድ የሆነ እንደ ሆነ፥ ተነሺዎቹን ጥቂት አቁሞ፥ በቀድሞው መንደርደሪያ የሚያርፈው የመጨረሻው አውሮፕላን የትኛው እንደ ሆነ ከአቀራረብ ተቆጣጣሪው ጋር በስሙ ተስማምቶ፥ ከእርሱ በኋላ ያለውን ሁሉ ወደ አዲሱ ይምራ። ማረፊያው ባዶ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ ጥንቃቄ አያስፈልግም፤ እንዳሻው ያዙረው።

እውነተኛው ማረፊያ በዚያ ሰዓት የሚጠቀምበትን አቅጣጫ እውነተኞቹን በረራዎች ከሚያሳየው ከፍላይትራዳር ዐይቶ መከተል ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ክርክር በመካከላችን ዘወትር ይነሣል። እኔ ወደ መከተል አዘነብላለሁ፤ ምክንያቴም ለእውነተኛው ዓለም ያለኝ አክብሮት ብቻ አይደለም፤ አብራሪዎቹ ሲምብሪፍን በመሰለ መርሐ ግብር መንገዳቸውን ሲያዘጋጁ የሚጠበቀውን መንደርደሪያ አስቀድመው ይዘው ስለሚመጡ፥ ከሚጠብቁት ጋር መስማማት የሁሉንም ድካም ይቀንሳል። ሆኖም እውነተኛው ማረፊያ አንዱን መንደርደሪያ ለጥገና ዘግቶ ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ቀን የእርሱን ችግር ወደ ምስሉ ማምጣት አያስፈልግም።

ከአብራሪው ወገን የሚመጣውም ነገር አለ። ተቆጣጣሪው የሚያነበው ሜታር ነው፤ አብራሪው የሚበርበት ነፋስ ግን መርሐ ግብሩ ከሌላ ምንጭ ያመጣው ሊሆን ይችላል፤ በ2020 የወጣው የማይክሮሶፍት ምስለ በረራ የአየሩን ጠባይ የሚቀበለው ሜቴዎብሉ ከተባለው ድርጅት ነው። ስለዚህ ተቆጣጣሪው 3 ኖት ከምሥራቅ ሲል አብራሪው በመስኮቱ 4 ኖት ከምዕራብ ያያል፥ ሁለቱም አልዋሹም፤ እንዲህ ባለ ቀን ክርክር ከማንሣት ወሰኑን መጠየቅ ይበልጣል። የቁጥሮችም ልዩነት አለ፤ ማግኔታዊው ሰሜን ቀስ እያለ ስለሚንቀሳቀስ፥ ስታንስቴድ በ2009 መንደርደሪያውን ከ05 እና 23 ወደ 04 እና 22 ሲለውጥ፥ በ2006 የወጣውን የቀድሞውን መርሐ ግብር የሚጠቀም አብራሪ ግን እስከ ዛሬ 23ን ይፈልጋል፤ ሁለቱ ስም የአንድ ምድር መሆኑን የማያውቅ ተቆጣጣሪ እንግዳውን በከንቱ ያንገላታዋል። ሌላውን ጫፍ የሚለምን አብራሪም ሲመጣ፥ ሰማዩ ባዶ ከሆነ ፈቃዱ ይፈጸምለት፤ ትራፊክ ካለ ደግሞ መጠበቅ ያለበትን ጊዜ ነግሮ ምርጫውን ለራሱ መተው ይገባል። ነገር ግን ከባድ ሆኖ ለመነሣት፥ ወይም መንደርደሪያው አጭር ስለ ሆነ የጀርባ ነፋስ አይሆንልኝም የሚለውን፥ ልመና እንደሚያቀርብ ሰው መቍጠር አይገባም፤ የአውሮፕላኑ አለቃ እርሱ ነውና፥ ለምን ብሎ መጠየቅም አያስፈልግም።

የሚቀረው የርክክቡ ነገር ነው። ሰዓቱ ደርሶ መንበሩን ለተተኪው የሚያስረክብ ሰው የመንደርደሪያውን ቍጥርና ኤቲስ የተባለውን የማረፊያውን ማስታወቂያ ፊደል ብቻ ነግሮት ይሄዳል፤ ይህ በብርቱ ነፋስ ቀን ይበቃል፥ ምክንያቱ በሜታሩ ላይ ተጽፎ ይታያልና። በለዘበ ነፋስ ቀን ግን ምክንያቱ በሄደው ሰው ልብ ውስጥ ነው ያለው፤ ስለዚህ ለምን ይህን ጫፍ እንደ መረጠ፥ ከጎረቤት ማረፊያዎች ጋር ምን እንደ ተነጋገረ፥ ትንበያው ምን እንደሚል፥ ነፋሱ ከስንት ሲያልፍ ለመለወጥ አስቦ እንደ ነበረ፥ ሌላውን ጫፍም ተስፋ የሰጠው አውሮፕላን ካለ ማን እንደ ሆነ አንድ በአንድ ይንገረው። ይህን የሰማ ተተኪ ነፋሱ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ዞሮ 4 ኖት ሲሆን ቢያይ፥ ነገሩ አስቀድሞ የታሰበበት መሆኑን ያውቃልና፥ ወንበሩ ገና ሳይሞቅለት መንደርደሪያውን ለመገልበጥ አይቸኩልም።